የንግግር ሕክምና ዓባይን ይሻገርልን

ግልጽ ደብዳቤ
በጎጃም ላላችሁ የጤና፣ የትምህርት እንዲሁም የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤቶች ኃላፊዎች፤
ለሆስፒታል ሥራ አስኪያጆች፣ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና ለመምህራን ባልደረቦቼ

ጤና ይስጥልኝ።

እኔ የመጀመሪያ ደረጃ መምህርት ነኝ፤ ልጆችን ፊደል ሳስቆጥር 14 ዓመት ሆነኝ። ይህን የምጽፍላችሁ ግን ስለ ታናሽ ወንድሜ ነው። ዕድሜው 26 ነው። ስሙን አልጠራም። ታሪኩን ልጻፈው ወይ ብዬ ጠይቄው «አዎ» የምትለዋን ሥዕል በጣቱ ነክቶልኛል። ተሳስቼ እንዳይሆን በማግሥቱ ደግሜ ጠየቅኩት፤ መልሱ ያው ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ቢሆን ወንድሜን ፈቃድ መጠየቅ የሚባል ነገር በሐሳቤም አይመጣም ነበር።

የተወለደው ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ ባለ ገጠር፣ እቤት ውስጥ ነው። እናታችን ሁለት ቀን አምጣለች። ሲወለድ አላለቀሰም፤ ትንፋሹ እስኪመለስ ብዙ ቆየ ይላሉ አብረዋት የነበሩት ሴቶች። አንገቱ ቶሎ አልጸናም፤ መዳህም መቀመጥም ዘገየበት። እኩዮቹ «እማ»፣ «አባ» ሲሉ እሱ ድምፅ እንጂ ቃል አልነበረውም። አንዱ «ምላሱ የታሰረ ነው» አለ፤ ሌላው «አባቱም ዘግይቶ ነው የተናገረው፣ ጠብቁ» አለን። ጠበቅን። ጠበልም ወሰድነው፤ ዛሬም እንወስደዋለን፤ በዚህ ማንም እንዲወቅሰን አልፈልግም። የሚቆጨኝ ከጠበሉ ጎን ሌላ ምንም አለመሞከራችን ነው።

ሴሬብራል ፓልሲ የሚባለውን ስም የሰማነው 19 ዓመት ከሞላው በኋላ ነው። በወሊድ ጊዜ አንጎሉ በቂ ኦክስጅን ሳያገኝ ቀርቶ ጡንቻን የሚያዘው ክፍል ተጎድቷል አሉን። ሰው አንዲት ቃል ለመናገር ከሳንባው የሚወጣው ትንፋሽ፣ ጉሮሮው፣ ምላሱ፣ ከንፈሩና መንጋጋው ተናበው መሥራት አለባቸው። የወንድሜ አፍ ልቡ ያሰበውን አይታዘዝለትም። ይህ ተነግሮን እንኳ አልገባንም። መናገር የማይችል ሰው ሁሉ የማይሰማና የማያውቅ ይመስለን ነበር፤ እፊቱ ላይ ስለ እሱ እናወራለን። አንድ ጊዜ አንድ ዘመዳችን «ይኼ ልጅ ባይኖር እናንተም ባረፋችሁ ነበር» ሲል ወንድሜ እምድጃው አጠገብ ተቀምጦ ነበር። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ያን ጊዜ ሙቀቱ በዝቶበት ነው ብዬ አለፍኩት።

አሁን የምነግራችሁ ለመናገር የሚከብደኝን ነው። ከአራት ዓመት በፊት በነሐሴ፣ ዝናቡ አላቋርጥ ባለበት ሰሞን፣ ወንድሜ እህል መቅመስ ተወ። ሌሊት ይጮኻል። ራሱን ከግድግዳው ጋር ያጋጫል። እናታችን ልታቅፈው ስትጠጋ ፊቷን ቧጨራት። በሦስተኛው ቀን ጎረቤት ተሰበሰበና «ክፉ መንፈስ ነው» ተባለ። እጁን አሰርነው። ያሰርኩት እኔ ነኝ፤ ገመድ እንዳይጎዳው ብዬ በነጠላ። ወደ ሕክምና ስንወስደው ያየው ባለሙያ ወደ እኔ ዞሮ «ምን ሆኗል?» አለኝ። «ይረብሻል» አልኩት። የሚያስተኛ መድኃኒት ተሰጠን። አፉን ከፍቶ ያየው የለም፤ እኔም አፉን እዩልኝ አላልኩም። በዘጠነኛው ቀን ግራ ጉንጩ አበጠ። የታችኛው የመጨረሻ መንጋጋ ጥርሱ በስብሶ መግል ቋጥሮ ነበር።

ዘጠኝ ቀን ሙሉ ጥርሱን አመመው። ዘጠኝ ቀን ሙሉ በሚችለው መንገድ ሁሉ ነገረን፤ በጩኸቱ፣ በራስ ቅሉ፣ በጥፍሩ። እኛ «ረበሸ» ብለን ተረጎምነው። የአፍ ሥዕል ያለባት ብጣሽ ካርቶን ቢኖረው ኖሮ ነገሩ በመጀመሪያው ቀን ያልቅ ነበር።

«ስፒች ቴራፒስት አሳይታችሁት ታውቃላችሁ?» ያለን ጥርሱን የነቀለለት ሐኪም ነው። የንግግር ሕክምና ባለሙያ ማለት ነው፤ ቃሉንም ሰምተነው አናውቅም። ስጠይቅ ከርሜ በአቅራቢያችን አላገኘሁም፤ ከወራት በኋላ አዲስ አበባ አንዲት ባለሙያ እንዳለች ሰው ነገረኝ። ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሌሊት 10 ሰዓት ተነሥተን ወንድሜን ለሁለት ደግፈን አውቶቡስ ላይ አወጣነው። ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ወርደን ወደ ጎሐ ጽዮን ስንወጣ፣ መንገዱ በተጠመዘዘ ቁጥር ገላው ይወድቅብኝ ነበር፤ ራሱን መደገፍ አይችልም። ጉዞውን ሁሉ በክንዴ አቅፌ ያዝኩት። መሳፈሪያው፣ አልጋው፣ ምግቡና የሕክምናው ክፍያ ተደማምሮ የሁለት ወር ደመወዜን በላው። እኔ ደመወዝ አለኝ። የሌላትን እናት አስቡልኝ።

ክፍሉ ውስጥ የሆነውን ልንገራችሁ። ባለሙያዋ ወጣት ናት። እንደ ገባን ታሪኩን ልዘረግፍ ስጀምር እጇን በትሕትና አነሣችና «ይቅርታ እትዬ፣ መጀመሪያ እሱን ላናግረው» አለችኝ። ወንበሯን ዝቅ አድርጋ ከዓይኑ ትክክል ተቀመጠች። ባንድ እጇ ውሃ ያለበት ብርጭቆ፣ በሌላው ሙዝ ይዛ «የትኛውን ትፈልጋለህ?» አለችው። ከዚያ ዝም አለች።

ዝምታው ረዘመብኝ። ልመልስለት አፌን ስከፍት በዓይኗ አስቆመችኝ። በልቤ ቆጠርኩ፤ አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት። የወንድሜ ራስ ወደ አንድ ጎን ሄደ፣ ተመለሰ። ስምንት፣ ዘጠኝ። ዓይኑ ሙዙ ላይ አረፈና ቆመ። «ሙዝ መረጥክ፣ እሺ» ብላ ልጣ ሰጠችው። ቆይታ ብርጭቆውንና ሌላ ሙዝ እጅ አቀያይራ ይዛ ደግማ ጠየቀችው፤ ዓይኑ ሙዙን ተከትሎ ዞረ። ወንድሜ በሰው ተጠይቆ ሲመልስ ያየሁት ያን ቀን ነው፣ በ23 ዓመቱ። ለካስ ድሮም ይመልስ ነበር። ሦስት ሰከንድ እንኳ ሳንጠብቅ እኛ እየመለስንለት ነው ያልሰማነው።

የንግግር ሕክምና ሲባል አፍ አስከፍቶ «ሀ በል» ማለት ይመስለኝ ነበር። እሷ ግን አስቀድማ መስማቱን አጣራች፤ ያልተሰማ ቃል አይነገርምና። ዳውን ሲንድረም ያለባቸው ብዙ ልጆች ጆሯቸው ውስጥ ፈሳሽ እየተጠራቀመ ድምፅ በደንብ እንደማይደርሳቸው የሰማሁት ያኔ ነው። ልጁ «አይገባውም» ይባላል፤ ችግሩ ግን ሊታከም የሚችል ጆሮ ላይ ነው።

ቀጥላ ሲውጥ አየችው። እኛ ቤት ወንድሜ የሚመገበው ጋደም ብሎ ነበር፤ ይመቸው ብለን። ውሃ ሲጠጣ ትን ይለዋል፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ደረቱ ይታመማል፤ «ብርድ መታው» እንላለን። ባለሙያዋ እንዳስረዳችን የሚጠጣው ወደ ሳንባው ይገባበት ነበር። ጀርባውና አንገቱ ተደግፎ ቀና ብሎ እንዲቀመጥ፣ የጎረሰውን ሳይውጥ ሌላ እንዳይሰጠው፣ ቀጭን ፈሳሽ ፈጥኖ ስለሚያመልጠው ወፈር ያለ አጥሚት እንደሚሻለው፣ ደረቅ በሶና ቆሎ ለእሱ አደጋ እንደሆኑ እያሠራች አሳየችን። ይህን ከተማርን ወዲህ ሳንባ ምች አልያዘውም። ለዚህ ያስፈለገን ትራስና ትዕግሥት ነው። ማንም ሳይነግረን 23 ዓመት ኖርን።

ሦስት ቀን አይታው ተመለስን። ከዚያ በኋላ በቴሌግራም ቪዲዮ እየላክንላት ትመክረን ነበር፤ ኢንተርኔት በተቋረጠ ጊዜ ምክሩም አብሮ ተቋረጠ። ሥዕል እየነካ የሚግባባበትን ሰሌዳ ቤት ውስጥ ሠራነው። የዘይት ካርቶን ቆረጥን፤ በስልክ ያነሣናቸውን ፎቶዎች ከተማ ወስጄ አሳትሜ በፕላስቲክ አሳሸግኳቸው። የራሱ ብርጭቆ፣ የራሱ አልጋ፣ ሽንት ቤታችን፣ ሬዲዮው፣ እናታችን፣ እኔ፣ በሬያችን ቦራ፣ የደብሩ በር። የሚያመውን ቦታ የሚያሳይበት የሰው ገላ ሥዕል። «አዎ»፣ «አይ»፣ «ድገሙልኝ»፣ «በቃ»።

ሁላችንም መጀመሪያ ውሃ ይጠይቃል ብለን ነበር። እሱ መጀመሪያ የነካው «በቃ»ን ነው፣ እናታችን እያጎረሰችው ሳለ። ጉርሻው እጇ ላይ ቀረ። በዚያ ሁሉ ዓመት አንድም ቀን በቃኝ ብሏት አያውቅም፤ እሷ በቃው ስትል ነበር የሚበቃው። ጉርሻውን መሶቡ ላይ መለሰችና አለቀሰች፤ እልልም አለች።

ቡናውም እንዲሁ ሆነ። ለዓመታት በስኳር ስንሰጠው ግማሹን ያፈሰው ነበር፤ እጁ እየተንቀጠቀጠ ይመስለናል። የስኳርና የጨው ፎቶ ሰሌዳው ላይ ስንጨምር ጨውን ነካ። ደጋግመን ጠየቅነው፤ ጨው ነው። አባታችን ቡናውን በጨው ነበር የሚጠጣው፤ ወንድሜ እቅፉ ውስጥ ሆኖ ከሲኒው ይቀምስ ነበር። አባታችን ካረፈ 11 ዓመት ሆነው። ይህን ሁሉ ጊዜ ያ ጣዕም አፉ ላይ ነበር፤ የሚነግርበት አጥቶ።

እናታችን መጀመሪያ ሥዕሉን ፈርታው ነበር። «ሥዕል ከለመደ ምላሱ ይሰንፋል፤ ጭራሽ መናገሩን ይተወዋል» አለች። የማውቃቸው መምህራንም እንዲሁ ይላሉ። በዚህ ጉዳይ የተደረጉት ጥናቶች የሚያሳዩት ሌላ ነው፦ ሥዕል፣ የእጅ ምልክት ወይም ድምፅ የሚያወጣ መሣሪያ መጠቀም ንግግርን አያስቀርም፤ አንዳንዶችን እንዲያውም ወደ ንግግር ያግዛል። ወንድሜ ዛሬም እንደ እኔና እንደ እናንተ አይናገርም። ይናገራል ብሎ ቃል የገባልንም የለም። የእናታችንን ፎቶ ሲነካ ግን «ማ» ይላል፤ ይቺ ድምፅ በፊት አልነበረችም።

አሁን እንደ ፊደል አስቆጣሪ አንድ ነገር ልናገር፤ የንግግር ሕክምና የውጭ መለኪያ ወረቀት በመተርጎም ብቻ የሚያልቅ አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው መለኪያ «ልጅ በሁለት ዓመቱ ሁለት ቃል ያያይዛል» ይላል። የእኛ ልጅ «አልበላም» ሲል አንድ ቃል ብቻ ተናገረ ልንል ነው? በዚያች በአንዷ ቃል ውስጥ መብላቱም፣ እምቢታውም፣ «እኔ» ማለቱም አለ። «ስጪኝ» ውስጥ ሰጪዋም ተቀባዩም አሉ። ቋንቋችን ይጠብቃል ይላላል፤ «አለ» ላልቶ ሲነበብ ተናገረ ነው፣ ጠብቆ ሲነበብ ይገኛል ነው። ጠ፣ ጨ፣ ቀ፣ ጰ እና ጸ ትንፋሽን ጉሮሮ ላይ ገትቶ ማፈንዳት ይፈልጋሉ፤ በእንግሊዝኛ ፊደል ስለሌሉ ከዚያ በሚመጣው ሠንጠረዥ ላይም አይገኙም። ክፍሌ ውስጥ «ቀ»ን እንደ «አ» የሚል፣ «ረ»ን ወደ «ለ» የሚወስድ ልጅ በየዓመቱ ይገጥመኛል። አብዛኛው ሲያድግ ይተወዋል፤ የማይተወውን ቀድሞ ለይቶ የሚነግረኝ ባለሙያ ግን የለኝም። አዊ ላይ ደግሞ ልጁ እቤቱ የሚሰማው አዊኛ ነው፤ በአማርኛ ተመዝኖ «ዘገየ» ሊባል አይገባም። ስለዚህ እዚሁ ያደገ፣ ቋንቋውን የሚያውቅ ባለሙያ ነው የምንፈልገው።

በራሳችን ፊደል መሥራት እንደሚቻልም ያሳዩን ሰው ነበሩ። የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን አዲስ አበባ ላይ የመሠረቱት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ፣ እሳቸውም ኦቲዝም ያለበት ልጅ እናት፣ የፊደላችንን ድምፆች መነሻ አድርገው «አቡጊዳ ፎነቲክስ» ያሉትን የማስተማሪያ ዘዴ አዘጋጁ። በ2013 ዓ.ም. ዐረፉ፤ ነፍሳቸውን ይማር። ሆሄያችን ተነባቢውንና አናባቢውን ባንድነት ስለሚይዝ ቃልን ቆርሶ ቆርሶ ለልጅ አፍ ለማቀበል ይመቻል። ይህን በየቀኑ ሰሌዳ ላይ አየዋለሁ።

የምጠይቀው ችሮታ አይደለም። የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን የአካልና የአእምሮ ጉዳት ላለባቸው ሰዎች ማቋቋሚያና እርዳታ እንዲመድብ ይደነግጋል። የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ጸድቆ ሕጋችን ሆኗል። የኮንቬንሽኑ አንቀጽ 26 የማብቃትና የመልሶ ማቋቋም አገልግሎት በተቻለ ፍጥነት እንዲጀመር፣ ደግሞም ሰዎቹ በሚኖሩበት አካባቢ፣ ገጠርንም ጨምሮ፣ በቅርብ እንዲገኝ ይጠይቃል። «ገጠርንም ጨምሮ» የምትለዋ ጋ ስደርስ ደጋግሜ አነበብኳት። አንቀጽ 2 ተግባቦትን ከአፍ ንግግር አስፍቶ፣ ንግግርን የሚያግዙና የሚተኩ ሌሎች መንገዶችንም ጨምሮ ይተረጉመዋል። የወንድሜ የዘይት ካርቶን በሕግ ፊት የመግባቢያ መንገድ ነው ማለት ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ የሥራ መደብ ክፈቱልን። በጎጃም ካሉት ትላልቅ ሆስፒታሎች ቢያንስ በአንዱ፣ ደመወዝ የተያዘለት የንግግር ሕክምና ባለሙያ መደብ። መደብ ከሌለ ሊማረው የሚነሣ አይኖርም፤ የተማረውም እዚያው ከተማው ይቀራል። ከዚሁ ልጆች መርጣችሁ ላኩ፤ ተመልሰው እንዲያገለግሉ አስፈርሙ። ያ ሰው ግን ቢሮ ተቀምጦ በቀን ጥቂት ሰው ብቻ ቢያይ ለጎጃም አይደርስም። ዋናው ሥራው ማሠልጠን ይሁን፤ እኔን፣ እናቴን፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን፣ የልዩ ፍላጎት መምህሩን።

መንገዱ ተጠርጓል። የዓለም ጤና ድርጅት የእድገት መዘግየት ወይም እክል ላለባቸው ከ2 እስከ 9 ዓመት ልጆች ተንከባካቢዎች ያዘጋጀው ሥልጠና አለ፤ ዘጠኝ የቡድን ስብሰባና ሦስት የቤት ጉብኝት ነው፤ ስፔሻሊስት ያልሆኑ ግን የሠለጠኑ ሰዎች እንዲሰጡት ሆኖ የተሰናዳ። ኢትዮጵያ ውስጥም ተሞክሯል። እናት ልጇን እያጠበች፣ እንጀራ እየጋገረች፣ እያጫወተች እንዴት እንደምታግባባው የሚያሳይ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቻችን ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ቤት ለቤት እየዞሩ ክትባትንም ሽንት ቤትንም ያስተማሩን ናቸው። ለክትባት የመጣችውን እናት ሁለት ሦስት ነገር ቢጠይቋት፦ ስሙን ስትጠሪው ይዞራል? ዓመት ሲሞላው አንዲት ቃል ወጣችው? ሲጠጣ ትን ይለዋል? መልሱ ካሳሰባቸው ወዴት እንደሚልኳት ደግሞ ይወቁ። የሚልኩበት ቦታ ሳይኖር መጠየቅ እናቲቱን ማስጨነቅ ብቻ ነው፤ መደቡን አስቀድሜ የጠየቅኩት ለዚህ ነው።

አንዱ ጥያቄዬ በጀት አይፈልግም። መናገር የማይችል ሰው «ረበሸ» ተብሎ ወደ ጤና ተቋም ሲመጣ ከማስተኛ መድኃኒት በፊት አፉ፣ ጆሮው፣ ሆዱና ሽንቱ ይታይ። የሰው ገላ ሥዕል በየተመላላሽ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ይለጠፍና «የት አመመህ? አሳየኝ» ይባል። ለዚህ ትእዛዝ የሚጻፍበት አንድ ገጽ ወረቀት ይበቃል። በትምህርት ቤት በኩልም የልዩ ፍላጎት ክፍሎች ሥዕልና ካርቶን አያጡም። የደብረ ማርቆስና የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች ጤናንም መምህርነትንም ያስተምራሉ፤ ሁለቱ ወገኖች ተቀምጠው ለመምህራን የክረምት ሥልጠና ቢያዘጋጁልን ደስ ባለኝ፤ ስሜን መጀመሪያ አስመዘግባለሁ።

«በዚህ ጊዜ?» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። መድኃኒት እየጠፋ፣ ነፍሰ ጡር በሰላም መገላገሏ ስጋት ሆኖ፣ መንገዱ ዛሬ ተከፍቶ ነገ እየተዘጋ ስለ ንግግር ታወሪያለሽ? እኔም እዚሁ ነው የምኖረው፤ ሁሉንም አያለሁ። ነገር ግን መንገድ ሲዘጋ አዲስ አበባ ያለችው ባለሙያ ለወንድሜ የለችም። የተኩስ ድምፅ በተሰማ ሌሊት ሌላው ሰው ፈራሁ ይላል፣ ወዴት እንሽሽ ይላል። ወንድሜ የሚለው ካርቶኑን ካገኘነው ነው። የችግር ጊዜ ለእንደ እሱ ዓይነቱ ሰው ሁለት እጥፍ ይከፋል።

ስለ አዋቂዎች ሳልናገር ብቀር ግን ወንድሜን እከዳዋለሁ። ከላይ ያልኩት ሥልጠና ለልጆች ነው። ልዩ ፍላጎት ክፍልም ለልጆች ነው። ስለ ወንድሜ አንዱ «አሁንማ ደርቋል፣ ምን ይማራል» ብሎኝ ያውቃል። የጀመረው በ23 ዓመቱ ነው፤ ዛሬ ሰሌዳው ላይ 61 ሥዕል አለ፤ ሁሉንም ያውቃቸዋል። በየገጠሩ፣ ከጓዳ ሳይወጡ መደብ ላይ ተኝተው እናቶቻቸው ያረጁባቸው ጎልማሶች አሉ። እናታችን 68 ዓመቷ ነው። የወንድሜን እያንዳንዱን ድምፅ ትለያለች፤ ረጅሙ «እእእ» ፀሐይ ላይ አውጡኝ ነው፣ በአፍንጫው የሚያወጣት አጭሯ ሰው መጣ ነው፣ ጥርሱን ሲያፋጭ ሬዲዮው ይዘጋ ነው። ይህን ቋንቋ ከእሷ በቀር አጥርቶ የሚያውቅ የለም፤ እኔ እንኳ ግማሹን ነው። እናቱ ብቻ የምታውቀው ቋንቋ ያለው ሰው፣ እናቱ በሞተች ቀን ቋንቋውም አብሮ ይቀበርበታል።

ይህን የነገረችኝ ባለሙያዋ ናት፤ ደብተር ክፈቱ አለችን። ክፈፉ ቀይ የሆነ የተማሪ ደብተር ገዛሁ። ማታ ማታ እናታችን ትናገራለች እኔ እጽፋለሁ፤ ይህን ሲያሰማ ይህን ማለቱ ነው፣ ይህን ሲሰጡት ደስ ይለዋል፣ በዚህ በኩል ሲያነሡት ያመዋል። 34 ገጽ ደርሰናል። ወንድሜ አጠገባችን ተቀምጦ ያዳምጣል፤ እናታችን ስትሳሳት «አይ»ን ይነካል። ባለፈው ሳምንት አንድ ገጽ ሙሉ አሰርዞናል።

ለጎረቤትና ለአገሬው ሕዝብ የምለው አጭር ነው። ድዳ አትበሏቸው። እፊታቸው ስለ እነሱ አታውሩ። ደግሞ ጠብቋቸው። ጎጃም የቅኔ አገር ነው፤ የኔታ ተማሪው አንዲት ጉባኤ ቃና እስኪቋጥር፣ ከሁለቱ ቤቶች የመጀመሪያዋ እስክትወጣለት፣ ስንት ጊዜ ሲታገሱት እናውቃለን። ለወንድሜ የሚያስፈልገው አሥር ሰከንድ ነው።

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣ ጥያቄዬን በአካል ማቅረብ እፈልጋለሁ። ቀጠሮ ከሰጣችሁኝ ወንድሜንም ይዤው እመጣለሁ፤ ደረጃ መውጣት ስለማይችል ምድር ቤት ያለ ክፍል ብታዘጋጁልን እናመሰግናለን። ሰሌዳውን ይዞ ይመጣል። ከእኔ በፊት እሱን ጠይቁት፣ ስለ ጥርሱም ስለ ቡናውም። ከጠየቃችሁት በኋላ በልባችሁ እስከ አሥር ቁጠሩ።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት መምህርትና እኅት
ከደብረ ማርቆስ አካባቢ፣ ጎጃም